የተዘቀዘቀው ተራራ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የእንጦጦ ራስ ከሰው ዓይን ከተሰወረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መካከል እየወረደ ቁስቋምን ይሸፍናል፤ ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ ይንከባለላል፤ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውን ጋቢና ነጠላ እየዳበሰ፣ እንደ ገዢ ዋጋ የሚጠይቅ መስሎ፣ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ያልፋል።

ታችኛው ከተማ ግን ዝናቡን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ነው ተብሎ አጥሩ ይቀባል፤ አደባባዩ ይጠረጋል፤ ሬዲዮኑ ጧት ማታ "ሚሌኒየም" ይላል፤ ሰዉም አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ያለበት ልብስ ካልለበስኩ አዲሱ ዘመን በሩን አይከፍትልኝም ያለ ይመስል ወደ ሽሮ ሜዳ ጎረፈ። ሸማኔው ሁሉ በየሽመና ጉድጓዱ ተቀምጦ ከነጋ እስኪመሽ ሦስት ቀለም ብቻ ሲያይ ዋለ፤ የሰፈሩ ባልቴቶችም "ዘንድሮስ ሕልሙም ባለሦስት ቀለም ሆኗል" እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

በዚህ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ኮረኮንች ግራ፣ ጣራዋ ሁለት ቦታ ላይ በምታፈስ አንዲት የቀበሌ ቤት፣ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ የሰባ ሁለት ዓመት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ከመሳይ አድነው ጋር ይኖሩ ነበር። ወይዘሮ የሺ የጨንቻ ደጋ ሰው ናቸው፤ በሃያ ዓመታቸው ለአንድ ሸማኔ ተድረው፣ ባላቸውን ተከትለው አስመራ ገቡ፤ እዚያም ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ባላቸውን እዚያ ቀበሩ፤ ቀጥሎም እንደ አባቱ ሸማኔ የነበረውን አንድ ልጃቸውን አድነውን እዚያው ቀበሩ። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲለወጥ፣ ከዚያች ከተማ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሰሞን ወጣ፤ ወይዘሮ የሺም እናቱ በወሊድ የሞተችበትን የዘጠኝ ዓመቱን መሳይን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ የልጃቸውን የሽመና መወርወሪያ በመቀነታቸው ሸጉጠው፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። ሌላው ዕቃ ሁሉ እዚያው ቀረ።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለት ዓመት እንዳለፈ አስመራ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች፤ ወይዘሮ የሺም አንድ እርምጃ እንኳ ሳይራመዱ ከውጭ አገር የመጡ ሰው ሆኑ። ለመሳይ መታወቂያ ሊያወጡ ቀበሌ በሄዱ ጊዜ ጸሐፊው "የትውልድ ቦታ?" ቢላቸው "አስመራ" አሉ፤ እሱም ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት አሰበና "ውጭ አገር ልበለው?" ብሎ ጠየቃቸው። ወይዘሮ የሺ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቆሙ። የሰው ልጅ እግሩን ሳያነሣ እንዲህ ያለ ሩቅ መንገድ መሄድ መቻሉን ያን ጊዜ ነው ያወቁት። የሰፈሩ ልጆች መሳይን "አስመሬ" ብለው ሰየሙት፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ከፈጣሪያቸው ለመኑ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሳይነቀሉ መሞትን።

በዚያው በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት አቶ መዝገቡ በር አንኳኩ። አቶ መዝገቡ በሽሮ ሜዳ አምስት ሱቅ፣ ከወንዙ ማዶም ሃያ የሽመና ጉድጓድ የተቆፈረበት መጋዘን ያላቸው፣ በእድሩ ዳኛ፣ በሰንበቴው አስተናባሪ የሆኑ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው።

"ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይግቡ አቶ መዝገቡ። ኧረ ከዚያች ወዲህ ይበሉ! እዚያ ላይ ያፈሳል" አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ባልዲውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ።

"ጣራማ ይሠራል እማማ የሺ፤ የመጣሁት ለጣራው ነው ብል ይሻላል" አሉና አቶ መዝገቡ በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ወጣት ዘወር አሉ። "መሳይ፣ እጅህን ካየሁት ቆይቷል። በመጋዘኔ የሃያው ሸማኔ አለቃ ላደርግህ አስቤአለሁ፤ ወር በገባ ደሞዝህን ትቀበላለህ፤ ብትታመም አሳክምሃለሁ፤ ክረምት ገባ፣ ገበያ ቀዘቀዘ ማለት የለም።"

ወይዘሮ የሺ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ወደ ጣራው አዩ። መሳይ ግን መወርወሪያውን በጭኑ ላይ አሳርፎ፣ "የምሠራው ጥለትስ ጋሽ መዝገቡ?" አለ።

"የታዘዘውን ነዋ! አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ዘመኑ የጠየቀው እሱን ነው።"

"የራሴንስ?"

"በኔ መጋዘን የራስ ጥለት የለም ልጄ" አሉ አቶ መዝገቡ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። "ገዢ የሚገዛው የሚያውቀውን ነው። 'ይሄ ደግሞ ምንድነው?' ብሎ የጠየቀ ሰው ገዝቶ አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ቆሜ አይቻለሁ።"

መሳይ መወርወሪያውን ከጭኑ ላይ አነሣ። ከዚያም፣ "አንድ የጀመርኩት ነጠላ አለ፤ እሱን ጨርሼ ላሳይዎ። ሰው ከወደደው በራሴ ጉድጓድ እቀራለሁ፤ ካልወደደው በማግስቱ መጋዘንዎ እገባለሁ፤ ሁለተኛ የራስ ጥለት ብዬም አፌን አልከፍትም" አለ።

"ውርርድ ነዋ! ይሁን" ብለው ሳቁ አቶ መዝገቡ። "ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ሱቅ ይዘኸው ና።"

ገና ደጁን ሳያልፉ ወይዘሮ የሺ ጀመሩ። "አንተ ልጅ፣ ደሞዝ በእግሩ ከደጅ ሲመጣ ቆይ ይባላል? ዝናብ ነው ቆይ የሚባለው?"

"አባቴ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር እማማ?"

"አባትህማ 'የሚያውቀውን ያልሠራ እጅ ይረሳል' ይል ነበር። አባትህ ያለው ሁሉ ልክ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ከዚያ ሁሉ ቤት አንዲት መወርወሪያ ብቻ ይዤ አልወጣም ነበር!"

ይህን ተናግረው ወዲያው ተጸጸቱ፤ ጸጸታቸውን ለመሸፈንም ባልዲውን ሊደፉ ወጡ።

የዚያን ነጠላ ፈትል የፈተሉት ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋገነት ነበሩ። እትዬ ሸዋገነት የጉለሌ ተወላጅ፣ የወይዘሮ የሺ የአሥራ አምስት ዓመት ባልንጀራ ናቸው፤ እንዝርታቸው ከቀጭን ቀጭን ያወጣል፤ ምላሳቸው ግን ከእንዝርታቸውም ይሾል ነበር። አንድ ቀን ልቃቂት ይዘው ገቡና በመሳይ ትከሻ ላይ አጮልቀው አዩ።

"አንቺ የሺ፣ ይሄ ልጅ ምን ነካው? ነጠላ ይሆናል ብዬ የሰጠሁትን ፈትል ካርታ እየሣለበት ነው እኮ!"

"ተይው እባክሽ፤ እኔም የሚሠራውን አላወቅሁትም።"

"ተራራ ነው እትዬ" አለ መሳይ፣ ዓይኑን ከድሩ ሳያነሣ።

"ተራራ? ተራራ ወጥቼ አልቤርጎ ልይዝበት ነው? ተራራማ ከደጄም ሞልቷል፤ እንጦጦ ምን አነሰኝ!" አሉና እትዬ ሸዋገነት እየሳቁ ተቀመጡ፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን አልሳቁም። አጎንብሰው አዩ። ወይዘሮ የሺም ቀረብ ብለው አዩ።

በነጩ ሸማ ጫፍ ላይ፣ ከአመድ ቀለም ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ እየጠቆረ፣ በደረጃ በደረጃ የወጣ የተራራ ሰንሰለት ነበር፤ በመካከሉ ከፀጉር የቀጠነ ቢጫ ክር እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ክሩ አንዴ ከተራራው ኋላ ይሰወራል፤ ደግሞ ብቅ ይላል። ወይዘሮ የሺ ያንን ቢጫ ክር በጣታቸው ተከተሉት። መንገዱ ነው። በሰማንያ ሦስት የመጡበት መንገድ ነው። ልጁ ከጆንያው ላይ ተጋድሞ፣ ራሱን በጭናቸው ላይ አድርጎ፣ "እማማ፣ ተራሮቹ ከኛ ጋር እየሄዱ ነው?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸውም የሚሉት ቢጠፋቸው "አዎ ልጄ፣ እየሸኙን ነው" ብለውት ነበር። እሳቸው ያንን ቃል ከዚያው ከመኪናው ላይ ጥለውት መጥተዋል፤ እሱ ግን አንሥቶ አሥራ ስድስት ዓመት በጣቶቹ ውስጥ ይዞት ኖሯል። ማንም ያላስተማረው፣ ማንም ያላዘዘው ነገር ከአንድ ድሃ ልጅ እጅ ሲወጣ ማየት ያስፈራል፤ ወይዘሮ የሺ አማተቡ።

ፍልሰታ ገባ። ነሐሴ በገባ በአሥረኛው ቀን ወይዘሮ የሺ ከቁስቋም ቅዳሴ ነጠላቸውን መስቀልኛ እንዳጣፉ ሲመለሱ፣ መሳይ የነጠላውን ሁለተኛ ጫፍ ጀምሮ አገኙት። ሸማ ሲሠራ ያለቀው ክፍል በሸማኔው ፊት ባለው እንጨት ላይ እየተጠቀለለ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሳይ የመጀመሪያውን ጫፍ ካየው ሰንብቷል፤ አሁንም እንደ መጀመሪያው ሁሉ ተራሮቹን ወደ ራሱ ቀጥ አድርጎ፣ እግራቸውን ወደ ጉልበቱ፣ ራሳቸውን ወደ ፊት እያደረገ ይሠራ ነበር።

ወይዘሮ የሺ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ነጠላ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱም ቁልቁል ይንጠለጠላል። የመጀመሪያው ጫፍ ሲንጠለጠል ተራራው ይቆማል፤ ይህኛው ሲንጠለጠል ግን በራሱ ይተከላል። ይህን ለማወቅ ሸማኔ መሆን አያሻም፤ ሴት ሆኖ ሃምሳ ዓመት ነጠላ መልበስ ይበቃል። ሸማኔ ግን ወንድ ነው፤ የሚያውቀው ሸማውን በጉልበቱ ላይ እንጂ በትከሻው ላይ አይደለም፤ ከጥንት የወረደው ጥለት ደግሞ ከላይም ከታችም ቢያዩት አንድ ስለሆነ ከመሳይ አባትም ሆነ ከአያቱ ማንም "የቱ ነው ራሱ?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

"ልጄ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ጣት ያህል እንጂ አልሠራም፤ ቢነግሩት ይፈታዋል። በዚያች ቅጽበት ከጣራው አንዲት ጠብታ ወርዳ አንገታቸው ላይ አረፈች፤ ቀዘቀዘቻቸው። አፋቸውን ገጠሙ። "በልተሃል?" አሉት። "በልቻለሁ እማማ" አለ። ወጡ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን መሳይ ነጠላውን ይዞ ሱቅ ሄደ፤ ወይዘሮ የሺም ተከተሉት። አቶ መዝገቡ ሸማውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ ደግመው አደረጉ። "ይህ የእጅ ሥራ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። በሱቁ ውስጥ ሊድያ የምትባል፣ በመስከረም የምትዳር ልጅ ከእናቷ ጋር የሠርግ ልብስ ስትመርጥ ነበርና፣ "እማዬ እዪው! ይሄን ነው የምፈልገው!" ብላ ካጠገባቸው ደረሰች። መሳይ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ አለ። አቶ መዝገቡም ውርርዱን በመሸነፋቸው ደስ እንዳላቸው ሁሉ፣ ነጠላውን ራሳቸው በልጅቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ወደ መስተዋቱ አዞሯት።

በቀኝ በኩል ተራሮቹ ቆመዋል። በግራ በኩል ተራሮቹ በራሳቸው ተተክለዋል።

"እግዚኦ!" አሉ የልጅቱ እናት። "ይሄ እኮ ተዘቅዝቋል! ለልጄ ሠርግ የለቅሶ ልብስ? አውልቂ! አውልቂ ብያለሁ!"

ልጅቱ አወለቀችው። በሱቁ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲያ አየ። መሳይ ነጠላውን ተቀብሎ ሁለቱን ጫፍ አገናኘና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"አየህ ልጄ" አሉ አቶ መዝገቡ፣ አዝነው፤ "አባቶቻችን ጥለቱን ከላይም ከታችም አንድ ያደረጉት ሌላ መሥራት አቅቷቸው አልነበረም። ያቺው አንዲት ነጠላ ለሠርጉም ለለቅሶውም እንድትሆን ነው።"

"ገባኝ ጋሽ መዝገቡ" አለ መሳይ። "ነገ መጋዘን እመጣለሁ።"

ቃሉን አከበረ። ወይዘሮ የሺ ጣራው ተሠራላቸው፤ ባልዲው ከቤት ወጣ፤ አዲስ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ እንደ እንግዳ ከውጭ ቀረ። ነገር ግን የመወርወሪያው ድምፅ ከቤቱ ጠፋ። ሰው እንዳይወድቅበት ብለው ጉድጓዱን በሳንቃ ከደኑት፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ግን መቃብር የሚረግጡ ይመስል ዞር ብለው ይሄዱ ጀመር። መሳይ ሲመለስ አይቆጣም፤ አያማርርም፤ "ዛሬ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ይህን ያህል ቢጫ" ብሎም አያውቅም፤ ይበላል፤ ይተኛል። ወይዘሮ የሺ ቢጣላቸው በወደዱ ነበር።

እትዬ ሸዋገነት ነገሩን የሰሙ ዕለት መጥተው፣ "እስኪ አምጪልኝ ያንን ነውረኛ ነጠላ" አሉ። ገለባበጡት። "በይ፣ ለኔ ቀብር አስቀምጪው፤ ከፈትሌ ነው የተሠራው። ለሌላ ሰው ቀብር ለብሰሽው ብትሄጂ ሙቼም እታዘብሻለሁ።"

"ሟርተኛ! ምላስሽን ሰብስቢ!"

"ምላሴ ምን አደረገ? የሚሰበሰበው ሌላው አካላቴ ነው።"

ጳጉሜን ሁለት ቀን እትዬ ሸዋገነት እንዝርታቸውን እንደያዙ በተቀመጡበት ዐረፉ። በማግስቱ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዕድርተኛው ሁሉ ወደ ቁስቋም ወጣ። ወይዘሮ የሺ ሳጥናቸውን ከፈቱ፤ የሁልጊዜ ነጠላቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡ፤ ያንን ነጠላ አወጡ። ለለቅሶ እንደሚለበሰውም አዘቅዝቀው፣ አንዱን ጥለት ወደ ላይ ወደ ትከሻቸው አውጥተው፣ ሌላውን ወደ ታች ለቀው ለበሱት። ሲለብሱት አላዩትም፤ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ ወደ መስተዋትም አልቀረቡም።

ዳገቱን ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲገቡ ግን የሴቶቹ እንጉርጉሮ ባልታወቀ ምክንያት እየቀነሰ መጣ። አንዲት ሴት ጎረቤቷን በክንዷ ነካች። ሌላዋ የነጠላዋን ጫፍ ከዓይኗ ላይ አነሣች። አስለቃሿ እንኳ የጀመረችውን ስንኝ ሳትጨርስ ቀረች።

"እማማ የሺ" አለች አንዷ በሹክሹክታ፤ "ቆሟል እኮ።"

ወይዘሮ የሺ ወደ ራሳቸው አዩ። በትከሻቸው ላይ ተራሮቹ ቆመዋል፤ በጉልበታቸው ዘንድም ተራሮቹ ቆመዋል። በሠርግ የሚወድቀው ሁለተኛው ጫፍ ለለቅሶ ወደ ትከሻ ሲወጣ ተራራው ሁሉ በእግሩ ይቆም ነበር። ቢጫዋ መንገድ ከታች ከተራራው ኋላ ትሰወራለች፤ በነጩ ሸማ ውስጥ እንደ ጉም ትጠፋለች፤ ከዚያም ከትከሻቸው ላይ ብቅ ትላለች። ዝናቡ አባርቶ፣ ስንት ሳምንት ተሸፍኖ የነበረው እንጦጦም ከጀርባቸው ተገልጦ ነበር፤ የትኛው ተራራ የማን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ የሚለይ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ያ የሰማንያ ሦስቱ መንገድ ለካ ለቅሶ ነበር፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ኑሮ፣ ሁለት መቃብር፣ አንድ ቤት ጥለው ሲወጡ ማንም "አይዞሽ" ብሎ አልተቀመጠላቸውም፤ እሳቸውም ልጁ እንዳይፈራ ብለው አላለቀሱም። የልጁ እጅ ግን ራሱ ሳያውቀው፣ ስህተት መስሎ፣ ያንን መንገድ ለኀዘን እንጂ ለሌላ የማይቆም አድርጎ ሠርቶታል። ወይዘሮ የሺ የዚያን ቀን ለባልንጀራቸውም፣ ለአስመራ መቃብሮቻቸውም አንድ ላይ አለቀሱ፤ ሴቶቹም ከበቧቸው።

ሥርዓተ ቀብሩ ካለቀ በኋላ መሳይን ከቅጽሩ ግንብ ሥር ለብቻው አገኙት። ነጠላውን እያየ ነበር።

"ልጄ" አሉት፤ "አንድ ነገር ልንገርህና ከፈለግህ ተቀየመኝ። ያን ቀን፣ ሁለተኛውን ጫፍ ስትጀምር አይቼው ነበር።"

መሳይ ወዲያው አልገባውም። ከዚያ ገባው። "አይተው ነበር?"

"አይቼ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ነበር የሠራኸው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ እማማ?"

ወይዘሮ የሺ ብዙ መልስ አዘጋጅተው ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ እርጅናቸው፣ ስለ ነገው። በአፋቸው የወጣው ግን አንድ ነበር። "ጣራው ያፈስ ነበር።"

መሳይ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ፤ ትከሻው ተነቃነቀ። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለዩም፤ ምናልባት እሱም አልለየውም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ "አሁንስ?" አላቸው።

"አሁን አያፈስም" አሉ ወይዘሮ የሺ። "ሳንቃውን አንሣው።"

"ቃል ሰጥቻለሁ እማማ። መጋዘኑንስ?"

"መጋዘኑንም አትተው!" አሉ፣ የቀድሞው ፍርሃታቸው ተመልሶ። "ማን ተወው አለህ? ኧረ በስመ አብ! ሁለቱንም ያዝ እንጂ። ሸማ ድር ብቻውን ነው ወይስ ማግ ብቻውን?"

አቶ መዝገቡ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ መጡ። ካፖርታቸው ላይ ጭቃ አለ፤ ከቀብሩ እስከዚህ ሦስት ሴቶች አስቁመዋቸው ኖሯል። "መሳይ፣ ይህን ነጠላ ከየት እንደሚገዛ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ለሰው አላውቅም ማለት አልለመድኩም።"

"በመጋዘንዎ የራስ ጥለት የለም ብለዋል ጋሽ መዝገቡ።"

"በመጋዘኔ የለም ብያለሁ፤ በአያትህ ቤት የለም አላልኩም" አሉ። "ሦስት ቀን ነው የቀረን፤ አዲሱን ዓመት በሦስቱ ቀለም አሻግረኝ። ከመስቀል በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት ለኔ ሥራ፤ ከስድስት ሰዓት ወዲያ ጉድጓድህ ያውቃል። የምትሠራውን ግን ከኔ ሱቅ በቀር የትም አትሰቅልም።" የካፖርታቸውን ጭቃ እያራገፉ ጨመሩ፤ "ያንን ሁለተኛ ጫፍ ግን ታስተካክለዋለህ፤ አይደል?"

መሳይ ወደ አያቱ ትከሻ አየ። "አላስተካክለውም" አለ።

መስከረም አንድ ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ረቡዕ ጧት፣ ወይዘሮ የሺ በመሳይ ክንድ ተደግፈው ከቁስቋም ቅዳሴ ሲወጡ ከዳገቱ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። ከተማው ከዳር እስከ ዳር አብቦ ነበር፤ በየመንገዱ የሚንቀሳቀሰው ሰው በትከሻው፣ በደረቱ፣ በቀሚሱ ጫፍ ሦስቱን ቀለም ይዞ እንደ አንድ ሸማ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። በሁለት አገር ሰባ ሁለት ዓመት ኖረው እንዲህ ያለ ነገር አላዩም።

"ከዚህ ውስጥ ያንተ እጅ የትኛው ነው?" አሉት።

"አይለይም እማማ" አለ መሳይ። "እዚያ ላይ ሁሉም አንድ ነው።" እንደ ቅሬታ አልተናገረውም፤ እሳቸውም እንደ ቅሬታ አልሰሙትም። ይህም አስደነቃቸው፤ ሚሊዮን ሰው የለበሰውን የሚሠራ እጅ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ማንም ያልለበሰውን ማሰብ ይችላል።

ወይዘሮ የሺ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ፤ እንደ ለመኑትም ሦስተኛ ጊዜ ሳይነቀሉ፣ በማያፈሰው ጣራ ሥር ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ በሴቶቹ ትከሻ ስንት ተራራ እንደ ቆመ የቆጠረ የለም።

የዚያን አዲስ ዓመት ነገር የመዘገበ ብዙ ነው፤ ፎቶግራፉ አለ፤ መዝሙሩ አለ፤ ባለሦስት ቀለሙ ልብስም በየሳጥኑ አለ። በአስመራ ተወልዶ በሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው የአንድ ሸማኔ ስም ግን በየትም አልተጻፈም። ጥለቱ ብቻ ስም አወጣ፤ ያን ዕለት በቁስቋም ያዩት ሴቶች ወደ ሱቅ እየመጡ "እማማ የሺ የለበሱት" ይሉ ነበር፤ እያደር "የየሺ" ሆነ፤ በመጨረሻም "የሺ ጥለት" ተብሎ ቀረ። ዛሬ ለለቅሶ የሚሆን ነጠላ የሚሻ ሰው ሽሮ ሜዳ ወጥቶ "የሺ ጥለት አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ይሰጡታል፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ ቢጠይቅ ደግሞ ወጣቶቹ ነጋዴዎች ሳያመነቱ፣ "በሚሌኒየሙ የወጣ ጥለት ስለሆነ ነው፤ የሺህ ዓመቱ ለማለት ነው" ይሉታል።

መሳይ ይህን ቆሞ ሰምቶ ያውቃል። አላረማቸውም። በስህተት የተወለደ ነገር በስህተት ቢጠራ ነውር አልመሰለውም፤ ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ጥለቱ የባልቴቷ ነው ወይስ የሺህ ዓመቱ ብሎ የሚሟገት ቢመጣ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ እሱ የሚፈርደው አይደለም። ከቀትር በኋላ ሳንቃውን ያነሣል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስም ተራራውን እንደ ዱሮው ወደ ራሱ ቀጥ አድርጎ ይሠራዋል።